የዊንድሰሩ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት፤ በመቃብር ዙሪያ የታነጸ ሕንፃና የልዑል ዓለማየሁ ጥያቄ

ከለንደን በስተ ምዕራብ፣ በቴምዝ ወንዝ አጠገብ፣ በዊንድሰር ግንብ ታችኛው ግቢ የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት በእኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከአንድ ስም ጋር ነው። አባቱን በመቅደላ፣ እናቱን ደግሞ ከመቅደላ በወረደ በሳምንታት ውስጥ ያጣው የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ፣ በ18 ዓመቱ አርፎ የተቀበረው እዚያ ነው። አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ስለ ብላቴናው ብዙ ይጻፋል፤ ስለ ሕንፃው ግን ምንም አይባልም ማለት ይቻላል። ይህ ጥናት የተነሣው ያን ክፍተት ለመሙላት ነው። ቤተ ጸሎቱን ማን ምን ፈልጎ እንዳሠራው፣ ግንባታው ለምን ከሃምሳ ዓመት በላይ እንደ ፈጀ፣ ጣሪያውና መስኮቱ ለምን ያን ቅርጽ እንደ ያዙ ሲመረመር፣ ሕንፃው ከመሠረቱ ጀምሮ በአንድ ጉዳይ ላይ የቆመ መሆኑ ግልጽ ይሆናል፤ ማን የት ይቀበራል፣ ይህንስ የሚወስነው ማን ነው? ለልዑል ዓለማየሁ ጥያቄ የተሰጠው መልስ መመዘን ያለበት በዚህ ታሪክ ሚዛን ነው ብዬ አምናለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከማኅበሩ ወደ ሕንፃው

በዊንድሰር ግንብ ውስጥ ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ በ1240ዎቹ ያሠራው ቤተ ጸሎት ነበረ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1348፣ ኤድዋርድ 3ኛ ጋርተር የተባለውን የፈረሰኞች ማኅበር ሲያቋቁም፣ ለማኅበሩ የሚጸልዩ ካህናት የሚኖሩበትን ጉባኤ አብሮ መሠረተ፤ ስፍራውንም ለእመቤታችን ማርያም፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስና ለቅዱስ ኤድዋርድ ሰየመው። የማኅበሩ ጠባቂ ሆኖ የተመረጠው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። እንግሊዞች በዓሉን ኤፕሪል 23 ቀን ያከብራሉ፤ የእኛው ሚያዝያ 23 ከዚያ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይውላል። በአንድ ሰማዕት ስም የሚማጸኑ ሁለት መንግሥታት በመቅደላ ተገናኝተው ነበር ማለት ነው።

ከጉባኤው ሕግ አንድ ነገር ከወዲሁ ልብ ሊባል ይገባል። የዊንድሰር ካህናት ለየትኛውም ጳጳስ አይታዘዙም፤ አለቃቸውና ጉባኤው በቀጥታ የዘውዱ ናቸው። ይህ ሥርዓት ዛሬም አልተለወጠም፤ ስለዚህ በቤተ ጸሎቱ ስለሚደረግ ማንኛውም ነገር፣ መቃብር መክፈትን ጨምሮ፣ ጥያቄው በመጨረሻ የሚደርሰው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ዛሬ የቆመውን ሕንፃ ያስጀመረው ኤድዋርድ 4ኛ ነው። ዙፋኑን ከሚፎካከሩት ሁለት የነገሥታት ቤተ ሰቦች የዮርክ ወገን የሆነው ይህ ንጉሥ በ1461 የሌላኛው ወገን፣ የላንካስተር፣ የሆነውን ሄንሪ 6ኛን ገልብጦ ዙፋን ያዘ፤ በ1470 ተባረረ፤ በ1471 ተመልሶ ገባ፤ ሄንሪም በዚያው ዓመት በለንደን ግንብ እስር ላይ ሳለ ሞተና ቸርትሲ በተባለ ገዳም ተቀበረ። የሁለቱ ፉክክር በድንጋይም ነበረ። ሄንሪ 6ኛ ከዊንድሰር ማዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ የኢተንን ኮሌጅ መሥርቶ ታላቅ ቤተ ጸሎት አስጀምሮለት ነበር፤ በኬምብሪጅም ሌላ። ኤድዋርድ ዙፋኑን እንደ ያዘ የኢተንን ኮሌጅ አፍርሶ ከዊንድሰሩ ጉባኤ ጋር ለመጠቅለል ተነሣ፤ በ1463 የሮሙን ፓፓ ፈቃድ እስከ ማግኘት ደርሶ ነበር። ሐሳቡን በኋላ ቢተወውም፣ በ1470ዎቹ በወንዙ በዚህኛው ዳር የጀመረው ሕንፃ ለዚያኛው ዳር የተሰጠ ምላሽ መሆኑን ለመረዳት አይከብድም።

በ1473 የሶልዝበሪው ጳጳስ ሪቻርድ ቦሻም የሥራው የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ፤ በ1475 ሥራው ተጀመረ፤ የግንበኞቹም አለቃ ሄንሪ ጃኒንስ ነበር። ንጉሡ በዚያው በ1475 ወደ ፈረንሳይ ከመዝመቱ በፊት ኑዛዜ ጻፈ። ሥጋው በመሬት ውስጥ ዝቅ ብሎ እንዲቀበር፣ በላዩ የሞት ምስል የተቀረጸበት ድንጋይ እንዲጋደም፣ ከዚያም በላይ መሠዊያ ያለበት ትንሽ ጸሎት ቤት ተሠርቶ በብርና በወርቅ የተለበጠ የራሱ ሐውልት እንዲቆም አዘዘ። የመቃብሩ ዕቅድና የሕንፃው ዕቅድ አብረው የተወለዱ ናቸው። ኤድዋርድ ያሠራው ለራሱና ለሥርወ መንግሥቱ ማረፊያ ነው፤ የማኅበሩ ፈረሰኞችም፣ የካህናቱም ጸሎት በዚያ መቃብር ዙሪያ እንዲሰለፍ ሆኖ ተደለደለ።

የድንጋዩ አሠራር

የሕንፃው ስልት የእንግሊዝ ጎቲክ (ሾጣጣ ቅስት ያለው የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ አሠራር) የመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ የኪነ ሕንፃ ታሪክ ጸሐፊዎች ፐርፐንዲኩላር የሚሉት። በዚያው ዘመን በፈረንሳይ የመስኮቱ የድንጋይ ሐረግ እንደ ነበልባል እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ በእንግሊዝ የመስኮቱ ዘንጎች ከደፉ ተነሥተው ቀጥ ብለው እስከ ቅስቱ ጫፍ ይደርሳሉ፤ አግድም ዘንጎችም ያቋርጧቸዋል። በዚህ ዓይነት መስኮቱ በሙሉ ተመሳሳይ ረጃጅም አራት ማዕዘኖች ያሉት መረብ ይሆናል። በዊንድሰር ይህ መረብ በመስኮቱ ላይ አያበቃም፤ ከመስኮቱ በታች ባለው ግድግዳ ላይም ተቀርጾ ይወርዳል፤ ስለዚህ መስታወቱ የት ተጀምሮ ድንጋዩ የት እንዳበቃ ዓይን ወዲያው አይለይም። በምዕራብ በኩል ያለው ትልቁ መስኮት የዚህ አሠራር ጫፍ ነው። ከጎን እስከ ጎን ግድግዳውን የሸፈነው ይህ መስኮት 75 የቅዱሳን፣ የነገሥታትና የሊቃነ ጳጳሳት ምስሎችን ይዟል፤ አብዛኛውም መስታወት የ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሥራ ነው።

የወለሉ ንድፍ ለአንድ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ያልተለመደ ሚዛን አለው። በምሥራቅ በኩል ያለው የመዘምራን ክፍል ከዓምድ እስከ ዓምድ የሚቆጠሩ ሰባት ክፍሎች አሉት፤ በምዕራብ በኩል ያለው የሕዝቡ አዳራሽም እንዲሁ ሰባት። በመካከል ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚወጡት ሁለቱ ክንፎች ጫፋቸው የስምንት ማዕዘን ግማሽ ሆኖ ተሠርቷል፤ በማዕዘኖቹ ላይ የተጨመሩት ትንንሽ ጸሎት ቤቶችም ያንኑ ቅርጽ ይደግማሉ። ሕንፃውን ከደቡብ፣ ከግቢው በኩል ለሚያይ ሰው፣ ወገቡ ላይ አንድ ብቅ ያለ ክፍል፣ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ረጅም ፊት ይታየዋል። ይህ የካቴድራል ሳይሆን የቤተ መንግሥት አቋቋም ነው። በመካከል ሊቆም ታስቦ የነበረው ግንብ ሳይሠራ በመቅረቱም የጣሪያው መስመር ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ ይሄዳል።

በቤተ ጸሎቱ እጅግ የሚደነቀው ግን የድንጋይ ጣሪያው ነው። ከእያንዳንዱ ዓምድ አናት የሚነሡት የድንጋይ ጅማቶች እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ወደየአቅጣጫው ይበተናሉ፤ በመካከል ደግሞ አጫጭር ጅማቶች እርስ በርስ ተጠላልፈው የኮከብ ሐረግ ይሠራሉ፤ በመገናኛቸውም ላይ አርማና ጽጌረዳ የተቀረጸባቸው ቁልፍ ድንጋዮች ተቀምጠዋል። በጎንና ጎን ባሉት መተላለፊያዎች ጣሪያው ሙሉ በሙሉ የማራገቢያ ቅርጽ ያለው ሲሆን፣ የመካከለኛው ጣሪያ ግን ከሩቅ ያንኑ ቢመስልም በጅማት ላይ የተሠራ ነው። ባለሙያውን የሚያስገርመው ውበቱ ብቻ አይደለም፤ ጣሪያው በጣም ጠፍጣፋ ነው። ቅስት ጠፍጣፋ በሆነ ቁጥር ክብደቱ ወደ ታች ከመውረድ ይልቅ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል። ግድግዳው ደግሞ አብዛኛው መስታወት ነው። ስለዚህ ግንበኞቹ ግፊቱን በመተላለፊያዎቹ ጣሪያ ላይ አሻግረው በሚያወጡ ደጋፊ ቅስቶች አማካይነት በውጭ ላሉት ወፋፍራም ደጋፊ ግንቦች አስረከቡት፤ በግንቦቹ አናት ላይ የቆሙት ሾጣጣ ድንጋዮችና የአራዊት ምስሎችም ጌጥ ብቻ ሳይሆኑ ግፊቱን ወደ ታች የሚያዞሩ ክብደቶች ናቸው። ውስጥ ሆኖ ቀና ለሚል ሰው ይህ ሁሉ ትግል አይታየውም፤ ጣሪያው በራሱ የተንሳፈፈ ይመስላል፤ ጥበቡም እዚያ ላይ ነው።

ከመስኮቶቹ በታች በሕንፃው ውስጥ የሚዞረው የመላእክት ረድፍም ሊታለፍ አይገባም። ክንፋቸውን ዘርግተው ጎን ለጎን የተቀረጹት መላእክት ግድግዳውን እንደ ቀበቶ ከበውታል። በኤድዋርድ ዘመን በተሠራው በምሥራቁ ክፍል ንጉሡ የራሱ አርማ ያደረገው በፀሐይ ጨረር የተከበበ ጽጌረዳ ይታያል፤ በምዕራቡ ክፍል አርማው ሲለወጥ፣ ገንዘቡ ከሌላ እጅ መምጣቱ ከድንጋዩ ይነበባል።

የቆመ ሥራ፣ የተዛወረ ንጉሥ

ኤድዋርድ 4ኛ በኤፕሪል 1483 ሲሞት የመዘምራኑ ክፍል በእንጨት ጣሪያ ተሸፍኖ ነበር፤ የድንጋዩ ጣሪያ ገና ነው፤ ምዕራቡም አልተነሣም። ንጉሡ ግን እንደ ኑዛዜው ከመሠዊያው በስተ ሰሜን ተቀበረ። ያዘዘው የብር ሐውልት አልተሠራለትም። በመቃብሩ አጠገብ ሊያርፍ የተፈቀደለት የቅርብ ወዳጁ ሎርድ ሄስቲንግስ ከሁለት ወር በኋላ በንጉሡ ወንድም በሪቻርድ ትእዛዝ አንገቱ ተቀልቶ፣ በዚያው በሰሜኑ መተላለፊያ ተቀበረ። ገዳዩ የሟቹን የመቃብር መብት አልነካም።

በ1484 ንጉሥ ሆኖ የነበረው ያው ሪቻርድ 3ኛ ከዚህ የበለጠ አስገራሚ ነገር አደረገ። የሄንሪ 6ኛን አጽም ከቸርትሲ አስወጥቶ ወደ ዊንድሰር አምጥቶ፣ ከመሠዊያው በስተ ደቡብ አስቀበረው። ሄንሪን ሕዝቡ እንደ ቅዱስ ማየት ጀምሮ ነበር፤ በመቃብሩም ተአምራት ይነገሩ ነበር፤ ምእመናን ከሩቅ ይሳለሙት ነበር። እነሆ በአንድ መሠዊያ ግራና ቀኝ፣ እርስ በርስ ዙፋን የተነጣጠቁት ሁለት ነገሥታት ተቀበሩ። ለዚህ ጥናት ከሁሉ በላይ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ክስተት ነው። ሕንፃው ገና ሳይጠናቀቅ፣ አንድ የተቀበረ ሰው ከሌላ ስፍራ ተቆፍሮ ወጥቶ፣ ለመንግሥት ጥቅም ሲባል ወደዚህ ተዛወረ። ለሳላሚዎቹም የብረት የምጽዋት ሣጥን ተሠራ፤ እስከ ዛሬም አለ።

በሄንሪ 7ኛ የጀመረው የቱዶር ሥርወ መንግሥት በ1485 ዙፋኑን ሲይዝ ሥራው የቆመበት ነበረ። ምዕራቡን ያስጨረሰው የሄንሪ 7ኛ ባለሟል ሰር ሬጂናልድ ብሬይ ነው። በ1503 ሲሞት ሀብቱን ለዚሁ ሥራ ተናዞ ነበርና የአዳራሹ ጣሪያ በገንዘቡ ተጠናቀቀ፤ አርማው የሆነው የቃጫ መውቂያ መሣሪያ በግድግዳው፣ በጣሪያውና በመስታወቱ እጅግ ብዙ ጊዜ ተደግሞ ይታያል። የራሱም መቃብር እዚያው ነው።

በጁን 1506 ደግሞ ግንበኞቹ ዊልያም ቨርቹና ጆን ኤልመር የመዘምራኑን ክፍል የድንጋይ ጣሪያ በ700 ፓውንድ ሠርተው በ1508 የገና በዓል ለማስረከብ ውል ገቡ። ውሉ ከእጃችን የደረሰ በመሆኑ የዚያን ዘመን የግንባታ አሠራር ከውስጥ ያሳያል። ጣሪያው በምዕራቡ አዳራሽ እንዳለው ሆኖ ይሠራ፣ ቁልፍ ድንጋዮቹ ግን ከዚያኞቹ ይበልጥ ወደ ታች የተንጠለጠሉና ውስጣቸው የተፈለፈለ ይሁኑ፣ የንጉሡንም አርማ አናብስት፣ አጋዘኖች፣ አዳኝ ውሾችና ዘንዶዎች ይደግፉት ይላል። ውጪ ያሉትን ደጋፊ ቅስቶችና የነፋስ ማሳያ የሚይዙ የንጉሡን አራዊትም ይጨምራል። ልኬት በዝርዝር ከመጻፍ ይልቅ፣ ቆሞ ወደሚታየው ሥራ እየጠቆሙ «እንደዚያ፣ ከዚያም ላቅ አድርገህ» ማለት ለሁለቱም ወገን በቂ ነበር። ቨርቹ በዌስትሚኒስተር ከሚገኘው ከሄንሪ 7ኛ ቤተ ጸሎት ጋርም ስሙ የሚነሣ፣ የዘመኑ ከፍተኛ ባለሙያ ነው።

በመካከለኛው መስቀለኛ ስፍራ ላይ ያለው የማራገቢያ ጣሪያ በ1528፣ በሄንሪ 8ኛ ዘመን ሲገጠም ሕንፃው ተጠናቀቀ። ከ1475 ጀምሮ ሲቆጠር 53 ዓመት ሆኖት ነበር። ሄንሪ 8ኛ ራሱ በ1547 በመዘምራኑ ክፍል ወለል ሥር፣ ከሦስተኛ ሚስቱ ከጄን ሲይሞር ጎን ገባ። ሊሠራለት የነበረው ታላቅ ሐውልት አልተፈጸመም፤ ለዚያ ተዘጋጅቶ የነበረው ጥቁር የድንጋይ ሣጥን ዛሬ በለንደን ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በአድሚራል ኔልሰን መቃብር ላይ ይገኛል።

ዝርፊያና ጥገና

በእንግሊዝ ንጉሥና በፓርላማው መካከል በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ፣ በ1642፣ የፓርላማው ጦር የቤተ ጸሎቱን ንዋያተ ቅድሳት ዘረፈ፤ በኤድዋርድ 4ኛ መቃብር ላይ ተሰቅሎ የነበረው በወርቅ የተለበጠና በዕንቁ ያጌጠ ጥሩርም በዚያን ጊዜ ተወሰደ። በ1682 አርክቴክቱ ክሪስቶፈር ሬን ድንጋያቸው መበስበሱን አይቶ የጣሪያው አራዊት እንዲወርዱ መከረ። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሄንሪ ኤምሊን ለጆርጅ 3ኛ ሰፊ ጥገና አደረገ። ትልቁ ሥራ ግን ከ1920 እስከ 1930 የተካሄደው ነው። ያ የሚያስደንቅ ጠፍጣፋ ጣሪያ ግድግዳውን ለአራት መቶ ዓመታት ሲገፋ ኖሮ ለመውደቅ የሚያሰጋ ሆኖ ተገኘ፤ ሰር ሃሮልድ ብራክስፒር አሥር ዓመት በፈጀ ሥራ ጣሪያውን አጠናከረ፤ በሬን ምክር የወረዱት 76ቱ አራዊትም በአዲስ ተቀርጸው በ1925 ወደ ቦታቸው ተመለሱ። መነካት የሌለበት የሚመስለው ይህ ሕንፃ በሚያስፈልግበት ጊዜ ሁሉ ከጣሪያ እስከ መሠረት ተነክቷል።

የተከፈቱ መቃብሮች

መቃብሮቹም እንዲሁ። በ1789 ጥገና ላይ የነበሩ ሠራተኞች የኤድዋርድ 4ኛን መቃብር አግኝተው ከፈቱ፤ የንጉሡ አጽም ተለክቶ 1 ሜትር ከ90 ሳንቲም ያለፈ ቁመት ተመዘገበ። አንገቱ የተቆረጠው ቻርልስ 1ኛ በፌብሩዋሪ 1649 ያለ ጸሎተ ፍትሐት በሄንሪ 8ኛ ጓዳ፣ ማለትም ከወለሉ ሥር ባለው የመቃብር ክፍል፣ ውስጥ ተቀምጦ፣ ትክክለኛው ስፍራ ጠፍቶ ኖረ፤ በ1813 በአጋጣሚ ሲገኝ የዘውዱ እንደራሴ ራሱ በቆመበት ሣጥኑ ተከፍቶ ተመረመረ። በ1910 የሄንሪ 6ኛ መቃብር ተከፈተ።

ከዚያም ዝውውሮች አሉ። በ1952 ያረፉት ጆርጅ 6ኛ በንጉሣዊው ጓዳ ከቆዩ በኋላ በ1969 በስማቸው ወደ ተሠራው አዲስ ጸሎት ቤት ተዛወሩ። ልዑል ፊሊፕ በ2021 በዚያው ጓዳ ተቀመጡ፤ በ2022 ንግሥት ኤልሳቤጥ ሲቀበሩ ከጎናቸው እንዲሆኑ ተዛወሩ። የልዑል ፊሊፕ እናት ልዕልት አሊስ በ1969 አርፈው በዊንድሰር ቆይተው፣ በኢየሩሳሌም መቀበር ምኞታቸው ነበርና፣ በ1988 ሣጥናቸው ወደ ደብረ ዘይት ተራራ፣ ወደ መግደላዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተወሰደ። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ጉዳይ እጅግ የቀረበ ነው። ከዊንድሰር ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሟች ይገባኛል ባሉት ቅዱስ ስፍራ ማረፍ የተቻለበት ምሳሌ በራሱ በግቢው ታሪክ ውስጥ አለ።

ልዑል ዓለማየሁ

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠውተው የእንግሊዝ ጦር አምባውን ከያዘ በኋላ፣ እቴጌ ጥሩወርቅና የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ጉዞ ጀመሩ። እቴጌዪቱ ከአንድ ወር በኋላ በመንገድ አረፉ። ልጁን ወደ እንግሊዝ የወሰደው ሀበሾች ባሻ ፈለቀ የሚሉት ካፒቴን ስፒዲ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ተቀበሉት፤ ወደዱትም። ከስፒዲ ጋር ሕንድ ኖረ፤ ከዚያ መንግሥት ከስፒዲ ለይቶ በትምህርት ቤት አስገባው፤ ቼልተናም፣ ራግቢ፣ በመጨረሻም የሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። ኖቬምበር 14 ቀን 1879 በሊድስ፣ በአስተማሪው ቤት፣ በሳንባ ሕመም አረፈ። ንግሥቲቱ በዕለት ማስታወሻቸው ሐዘናቸውን ሲጽፉ፣ በባዕድ አገር ያለ አንድ ዘመድ ብቻውን መሞቱን፣ ሕይወቱም ደስታ ያልነበረበት መሆኑን፣ ሰዎች በቆዳው ቀለም ምክንያት የሚያፈጡበት እየመሰለው ይጨነቅ እንደ ነበረ መስክረዋል።

በዊንድሰር እንዲቀበር ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። ስፍራው ከቤተ ጸሎቱ ውጭ ያለ፣ በጡብ የተሠራ ከመሬት በታች ያለ መቃብር ነው፤ ሌሎችም በአካባቢው ተቀብረዋል። በውስጥ፣ በአዳራሹ፣ የናስ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው በዚህ አቅራቢያ የአቢሲኒያ ንጉሥ የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ተቀብሯል ይልና፣ የልደቱንና የሞቱን ቀን ጠቅሶ፣ መታሰቢያውን ያቆሙት ንግሥት ቪክቶሪያ መሆናቸውን ገልጾ፣ ከማቴዎስ ወንጌል «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» በሚለው ቃል ይዘጋል። እንግዳው እንዴት እንደ መጣ ሰሌዳው አይናገርም። መቅደላ የሚል ቃል የለበትም። ግድግዳው ሁሉ ማን ማንን እንዳሸነፈ፣ ማን ምን እንደ ከፈለ በአርማ በሚናገርበት ሕንፃ ውስጥ ይህ ዝምታ ከባድ ነው።

በመቅደላ ዘመቻ የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሆኖ የሄደው ሪቻርድ ሆምዝ የአጼ ቴዎድሮስን አስከሬን ፊት በእርሳስ የሣለ፣ ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል ለራሱ የወሰደ ሰው ነው፤ ከ1870 ጀምሮ ደግሞ በዊንድሰር የንጉሣዊው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። ዓለማየሁ በግቢው ሲቀበር የአባቱን ንብረት የያዘው ሰው በዚያው ግቢ ሹም ነበረ። በመቅደላ የተወሰዱ ስድስት የብራና መጻሕፍትም እስከ ዛሬ በዊንድሰር አሉ።

ከ75 ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ ይፋዊ ጉብኝት ላይ ሳሉ የጋርተር ማኅበር አባል ሆኑ። በማኅበሩ ሥርዓት የአባል ሰንደቅ በመዘምራኑ ክፍል ከመቀመጫ በላይ ይሰቀላል፤ ሲሞት ይወርዳል፤ ስሙና አርማው የተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ ግን ከመቀመጫው ጀርባ ይቀራል። ከ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የተለጠፉት እነዚህ ሰሌዳዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ።

መልሱ ሲመዘን

በ2007 በወቅቱ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አጽሙ እንዲመለስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጻፉ። በ2023 ቤተ ሰቦች ጥያቄውን ሲያድሱ የበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ምላሽ እምቢታ ነበር። የዊንድሰር አለቃና ካህናት የልዑሉን መታሰቢያ ማክበር እንደሚገባ ቢገነዘቡም፣ በአካባቢው ያረፉ የብዙ ሌሎችን ማረፊያ ሳይነኩ አጽሙን ማውጣት የማይቻል ሊሆን እንደሚችል ምክር ተሰጥቷቸዋል፣ የሟቾችንም ክብር የመጠበቅ ኃላፊነት አለባቸው የሚል ነው። በዚያው ዓመት በስፒዲ ዘሮች እጅ ተጠብቆ የኖረ የልዑሉ የጠጉር ቁራጭ በለንደን ለኢትዮጵያ ተሰጥቷል።

ይህን ምላሽ በቅንነት ማየት ይገባል። ጆርጅ 6ኛም ሆኑ ልዕልት አሊስ የወጡት ሣጥን ከሣጥን ተለይቶ ከሚቀመጥበት ጓዳ ነው፤ ዓለማየሁ ያለው በጡብ መቃብር ውስጥ፣ ከሌሎች ጋር ነው። ስለዚህ ችግሩ ፈጠራ ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን የቀረበው ምክንያት የመርሕ ሳይሆን የሥራ ነው። የቀረው ጥያቄ የጡብ፣ የአፈርና የሣጥን አቀማመጥ ነው፤ ይህ ደግሞ በማመዛዘን ሳይሆን በመመርመር የሚታወቅ ነው። አራት መቶ ዓመት የቆየ የድንጋይ ጣሪያ አውርዶ ሳይጥል ማጠናከር የቻለ ጉባኤ፣ የአንድን የ19ኛ መቶ ዘመን የጡብ መቃብር ሁኔታ ማጥናትና ማሳወቅ አይሳነውም። ዛሬ መሬት ሳይቆፈር በራዳር የከርሰ ምድርን አቀማመጥ ማንበብ በአርኪዮሎጂ የተለመደ ሥራ ነው። እምቢታው ተቀባይነት የሚያገኘው፣ ወይም የሚሻረው፣ እንዲህ ያለ ጥናት በሁለቱም ወገን ባለሙያዎች ፊት ሲቀርብ ነው።

በእኔ እምነት ከኢትዮጵያ በኩል የሚቀርበው ቀጣይ ደብዳቤ አጽሙን በመጠየቅ ብቻ መወሰን የለበትም። ለአለቃውና ለካህናቱ ጉባኤ በቀጥታ ተጽፎ፣ የመቃብሩን የሥራ ንድፍ፣ በውስጡና በአካባቢው የተቀበሩትን ስም ዝርዝር፣ የተሰጠውን የባለሙያ ምክር ሙሉ ቃል መጠየቅ፣ የ1988ቱን የልዕልት አሊስን ዝውውር በምሳሌነት መጥቀስ፣ የጋራ የቴክኒክ ጥናት እንዲደረግም ሐሳብ ማቅረብ ይኖርበታል። ጥናቱ ማውጣት እንደማይቻል ካሳየም እንኳ፣ መቅደላ የሚለው ስምና የእቴጌ ጥሩወርቅ ስም የተጻፈበት፣ በአማርኛም የሚነበብ ሁለተኛ ሰሌዳ በአዳራሹ እንዲቆም መጠየቅ ለጉባኤው አንድም ድንጋይ ሳያናጋ የሚፈጽመው ሥራ ነው።